ሰንጠረዥና ሻሕማት፦ አያቶች ከልጅ ልጆቻቸው ጋር

በኪሪያት ማላኪ፣ በገዴራ ወይም በያቭኔ የሚያድግ ልጅ ከማትናስ ወይም ከትምህርት ቤት ሻሕማት ተምሮ ሲመጣ፣ «ይህ የፈረንጅ ጨዋታ ነው» ብለው የሚተዉት አያቶች አሉ። ግን በኢትዮጵያም የቆየ ጨዋታ ነው፤ ስሙም ሰንጠረዥ ይባላል።

ከ200 ዓመት ገደማ በፊት ሄንሪ ሶልት የተባለ እንግሊዛዊ መንገደኛ፣ የትግራዩ ገዢ ራስ ወልደ ሥላሴ ሰንጠረዥ ሲጫወቱ አይቶ ጽፏል። በዙሪያው የተቀመጠው ሰው ሁሉ፣ አሽከሩ ሳይቀር፣ እንዲህ ይሻላል እያለ ምክሩን ይሰጥ ነበር።

ሰንጠረዥ ሲጀመር ተራ የለውም። ሁለቱም ተጫዋቾች ባንድ ጊዜ ጠጠሮቻቸውን ያሰልፋሉ፤ ይህ ወረራ ይባላል። አንዱ የሌላውን ጠጠር ከበላ በኋላ ነው ተራ በተራ የሚሆነው። በሻሕማት ግን ከመጀመሪያው ተራ አለ፤ ነጩ ይቀድማል።

የጠጠሮቹ ነገርም ይመሳሰላል። ንጉሡ በዕብራይስጥ ሜሌኽ፣ ፈረሱ ፓራሽ ነው። ጥንት መደቅ የሚባለው እግረኛ ዛሬ ራግሊ ነው። ትልቁ ልዩነት በንጉሡ አጠገብ ያለው ነው። ፈርዝ በማዕዘን አንድ ቤት ብቻ ይሄድ ነበር፤ በቦታው የገባችው ማልካ ግን ከሁሉ ትበረታለች።

በአንዳንድ ቤት አያት ዕብራይስጡ አልገባ ይላቸዋል፣ ልጁም አማርኛው ይቸግረዋል። ሁለቱም ዝም ብለው ይቀመጣሉ። ሻሕማት ብዙ ቃል አይፈልግም፤ ስለዚህ ልጁ አስተማሪ፣ አያት ተማሪ ይሁኑ።

አጀማመሩ ቀላል ነው። ስምንት ስምንት ራግሊ ብቻ ይደርደር። ራግሊ አንድ ቤት ወደፊት ይሄዳል፤ ከመነሻው ሁለት ቤትም ይችላል። ሲበላ ግን በማዕዘን ነው። አንዱን ራግሊ ቀድሞ ወዲያኛው ዳር ያደረሰ አሸነፈ። ይህ ሲለመድ ፈረሱ፣ ከዚያም ሌሎቹ አንድ በአንድ ይጨመራሉ። ልጁ ስማቸውን በዕብራይስጥ ይንገር፣ አያት በአማርኛ ይመልሱ።

ልጁ ለውድድር ሲቀርብ ግን የራስ ወልደ ሥላሴ ቤት ልማድ አይሠራም። ተጫዋቹ ሊያንቀሳቅሰው ብሎ የነካውን ጠጠር መልሶ መተው አይችልም፤ ተመልካችም ዝም ማለት አለበት። «ተው ልጄ፣ እሱን አትንካ!» ያለ አያት በዳኛው ከአዳራሽ ሊወጣ ይችላል። ምክሩ ለቤት ይቆይ፤ እዚያ የሚከለክል የለም።