«ዛሬ ማን ያበስላል?» – በላሊበላ መንገድ ላይ ያለችው አውራ አምባ

በ2012 ዓ.ም. ገናን ላሊበላ ለማክበር ከባሕር ዳር በመኪና ተነሣን። እኔና ባለቤቴ ከተጋባን ገና ሦስት ወራችን ነበር። ይሁንና ለሙሽሮች የማይመጥን ኩርፊያ ይዘን ነበር የተጓዝነው። ሁለታችንም ከቢሮ የምንወጣው እኩል ነው። ቤት ስንገባ ግን እሱ ሶፋው ላይ ዜና ያያል፣ እኔ ቦርሳዬን ሳላስቀምጥ ሽንኩርት እከትፋለሁ። እናንተም ቤት ይህ ነገር ካለ፣ ይህን ጽሑፍ ብቻችሁን አታንብቡት፤ የትዳር አጋራችሁንም ጥሩ።

ወረታን አልፈን ወደ ደብረ ታቦር በሚወስደው መንገድ ላይ ሳለን ሹፌራችን «አውራ አምባን ሳታዩማ አታልፉም» ብሎ ከአስፋልቱ ታጠፈ። መንደሯ ከባሕር ዳር 70 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። ስንገባ መጀመሪያ ያየሁት አንድ ጎልማሳ ሰው ቁጭ ብሎ ጥጥ ሲፈትል ነው። ሸማ ወደሚሠራበት ቤት ስንዘልቅ ደግሞ ሴቶች እንደ ወንዶቹ ሁሉ መወርወሪያውን እየወረወሩ ይሠራሉ። በእኛ አገር ፈትል የሴት፣ ሽመና የወንድ እንደሆነ ሰምቶ ላደገ ሰው ነገሩ ያስደነግጣል። ባለቤቴን ቀና ብዬ አየሁት። እሱም አየኝ፤ ግን ምንም አላለም።

ከእናት ድካም የተነሣ ጥያቄ

የመንደሯ መሥራች አቶ ዙምራ ኑሩ ናቸው። በእስቴ አካባቢ ከሙስሊም ቤተሰብ የተወለዱ፣ ትምህርት ቤት ያልገቡ ገበሬ ናቸው። ታሪካቸውን ሲናገሩ ሁልጊዜ የሚጀምሩት ከእናታቸው ነው። እናትና አባት እኩል እርሻ ውለው ሲመለሱ አባት ያርፋል፤ እናት ግን ትፈጫለች፣ ታበስላለች፣ ልጅ ትይዛለች፣ የባሏን እግር ታጥባለች። ሥራው ሲዘገይ ደግሞ የምትሰደበው እሷው ናት። ልጁ ዙምራ «ለምን?» ብሎ ጠየቀ። ሙስሊሙና ክርስቲያኑ አንዱ ያረደውን ሌላው የማይበላው ለምን እንደሆነም ጠየቀ። መልስ የሰጠው አልነበረም፤ እንዲያውም ጤናውን የተጠራጠሩት ብዙ ነበሩ።

በ1964 ዓ.ም. ሐሳባቸውን ከተቀበሉ 19 ሰዎች ጋር ማኅበረሰቡን መሠረቱ። ኑሮው ግን አልጋ በአልጋ አልነበረም። ቤተ ክርስቲያንም መስጊድም የሌላቸው በመሆናቸው ጎረቤት በክፉ ዓይን አያቸው። በደርግ የመጨረሻ ዓመታት ደግሞ በፖለቲካ ተጠርጥረው ወደ ደቡብ፣ እስከ ቦንጋ ድረስ ተሰደዱ። ከመንግሥት ለውጡ በኋላ ሲመለሱ የጠበቃቸው መሬት 17.5 ሄክታር ብቻ ነበር። በዚህ መሬት አርሶ መብላት የማይቻል ስለሆነ ወደ ሽመና፣ ወደ እህል ወፍጮና ወደ ንግድ ፊታቸውን አዞሩ። ቢዝነስ የተማርኩ ነኝና ይህ ውሳኔ በጣም ገርሞኛል። መሬት ያጣ ገበሬ በእጁ ሙያና በእኩል ክፍፍል ተደራጅቶ ቆመ።

ሥራ በችሎታ፣ ገቢ በእኩል

በአውራ አምባ ሥራ የሚመደበው በአቅምና በችሎታ እንጂ በጾታ አይደለም። ሴት ታርሳለች፣ ወንድ እንጀራ ይጋግራል፣ ልጅ ያጥባል። የኅብረት ሥራ ማኅበሩ አባላት የዓመቱን ገቢ እኩል ይካፈላሉ። ከሳምንቱ አንድ ቀን የሚሠራው ደግሞ ለአረጋውያን፣ ለታመሙና ለተቸገሩ መርጃ ይውላል። ጧሪ የሌላቸው አረጋውያን የሚኖሩበት ቤት አላቸው። ለሕፃናት መዋያ፣ ቤተ መጻሕፍትም አላቸው።

በፈጣሪ ያምናሉ፤ ሆኖም የተለየ የአምልኮ ቤት የላቸውም። ለእነሱ እምነት ማለት ሐቀኝነት፣ ሥራና ለሰው መልካም ማድረግ ነው። መጠጥ፣ ሲጋራና ጫት የሉም፤ ልመናም ነውር ነው። ሰርጋቸው ድግስ የለውም። ሰው ሲሞትም ቶሎ ቀብረው ወደ ሥራ ይመለሳሉ፤ ተዝካርም አያወጡም። ሰውን መርዳት በቁሙ ነው ይላሉ። ለሰርጋችን የተበደርነውን ገንዘብ በየወሩ እየከፈልን ስለነበር፣ ይህን ስሰማ እኔና ባለቤቴ ተያይተን ሳቅን። ኩርፊያው የላላው እዚያ ላይ ነው።

ከባሕር ማዶ የመጣ ትምህርት

አውራ አምባን የመሰሉ ማኅበረሰቦች በሌላውም ዓለም ነበሩ። ከሁሉ የታወቁት በአሜሪካ የኖሩት ሼከሮች ናቸው። አን ሊ የምትባል የማንቸስተር ሴት እ.ኤ.አ. በ1774 ጥቂት ተከታዮቿን ይዛ አትላንቲክን ተሻገረች። ፈጣሪ የወንድም የሴትም ባሕርይ አለው ብለው ስለሚያምኑ ሴትና ወንድ እኩል ይመሩ ነበር። ንብረታቸው የጋራ ነው። ሲያመልኩ እየዘለሉና እየተንቀጠቀጡ ስለነበር ስማቸውም ከዚያ መጣ። በሠሯቸው ወንበሮችና በወረቀት አሽገው በሚሸጡት የአትክልት ዘር ገበያው ያምናቸው ነበር። በ19ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ በሺዎች ይቆጠሩ ነበር። ዛሬ የቀረችው ሜይን በተባለው ግዛት ያለች አንዲት መንደር ስትሆን፣ አባላቷ በአንድ እጅ ጣቶች የሚቆጠሩ ናቸው።

ለምን ተመናመኑ? ሼከሮች አያገቡም፤ አይወልዱም። የሚበዙት ከውጭ በሚገባ ሰውና በሚያሳድጓቸው ወላጅ አልባ ልጆች ነበር። ፋብሪካው የእጅ ሥራቸውን ገበያ ሲቀማና ወጣቱ ወደ ከተማ ሲሄድ የሚተካ ጠፋ።

እኛም ጉዟችንን ቀጥለን ጋሸና ላይ ወደ ላሊበላ ስንታጠፍ የማስበው ይህንኑ ነበር። በላስታ ተራሮችም ሳይወልዱ በማኅበር የሚኖሩ አሉ፤ መነኮሳቱ። አንድነት ገዳም በሚባለው ሥርዓት አባላቱ ንብረት የላቸውም፤ አብረው ይሠራሉ፣ ከአንድ ማዕድ ይበላሉ። ልዩነቱ ከገዳሙ ጀርባ ሰፊ ሕዝብ መኖሩ ነው። ገበሬው በየቤቱ ልጅ ያሳድጋል፤ ከእነዚያ ልጆች አንዱ ይመንናል። የገና ዕለት ጠዋት በቤተ ማርያም ግድግዳ አናት ላይ ካህናቱ ቤዛ ኩሉን ሲያሸበሽቡ፣ ከታች የቆመው ምእመን አብዛኛው ሕፃን ያዘለ ነበር።

አውራ አምባ እንደ ሼከሮች አይደለችም፤ ታገባለች፣ ትወልዳለች። በ19 ሰው የተጀመረው ማኅበረሰብ ዛሬ ብዙ መቶ ደርሷል። ፈተናዋ ሌላ ነው። ልጆቿን አስተምራለች፤ የተማረ ልጅ ደግሞ ከተማ ያያል። ጠባቧ መሬት አልሰፋችም። ከኮሮናው ጀምሮ፣ ከዚያም በጦርነቱ ምክንያት በክልሉ የጎብኚ እግር ሲያጥር ሸማ የሚገዛውም አጠረ። ከሁሉ በላይ፣ በአንድ ሰው ጥያቄ የተመሠረተ መንደር ያ ሰው በሌለበት ጊዜ ጥያቄውን ማን ይጠይቅለታል? ይህ የእያንዳንዳችን ቤት ጥያቄም ነው። ልጆቻችን የሚወርሱት የነገርናቸውን ሳይሆን ስንሠራው ያዩትን ነው።

እናንተስ ቤት?

መንደር መመሥረት አይጠበቅባችሁም። እኛ ከዚያ ጉዞ ሦስት ነገር ይዘን ተመልሰናል።

የመጀመሪያው የቤት ውይይት ነው። አውራ አምባ ውስጥ ቤተሰብ በየጊዜው ተሰብስቦ ይወያያል፤ ልጅም ወላጁን «እዚህ ላይ አጥፍተሃል» ማለት ይችላል። እኛ በየአሥራ አምስት ቀኑ እሁድ ከቡና በኋላ አድርገነዋል። ሕጉ አንድ ነው፤ የሚናገረውን ማንም አያቋርጠውም።

ሁለተኛው የሥራ ዝርዝር ነው። የቤቱን ሥራ ሁሉ፣ ማሰብና ማስታወስ የሚጠይቀውን ጭምር ጻፉ። የክትባት ቀን ማስታወስ፣ ዘይት ማለቁን ማወቅ፣ ለቅሶ መድረስ ሁሉ ሥራ ነው። ከጾታችሁ ሳይሆን ከሰዓታችሁና ከችሎታችሁ አንጻር ተከፋፈሉት። ባለቤቴ ዝርዝሩን ሲያይ 31 ሥራ ቆጠረ፤ የእሱ 6 ነበር።

ሦስተኛው ለሌላ ሰው የሚሠራ ጊዜ ነው። ወሎ ቅሬ፣ አዲስ አበባ ዕድር የምንለው ነገር መሠረቱ ይኸው ነው። በወር አንድ ቅዳሜ ጠዋት ብቻቸውን ለሚኖሩ አንዲት ጎረቤታችን እናት ቤት እናጸዳለን፣ አስቤዛ እንገዛለን።

የመጀመሪያው የባለቤቴ ሽሮ አርሮ ነበር፤ ሳንናገር በላነው። አሁን ልጃችን አራት ዓመቱ ነው። ባለፈው ሳምንት የአያቱ ቤት ሄዶ አያቱን «አያ፣ ዛሬ አንተ ነህ የምታበስለው?» ብሎ ጠየቃቸው። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። እናቴ ግን አልሳቀችም፤ መልሱን እየጠበቀች አባቴን ታየው ነበር።