ጥይት ሰውን ወደ ኋላ ይወረውራልን?
የቴሌቪዥን ተኩስ በፊዚክስ ሚዛን

የፖሊስ ተከታታይ ድራማዎችን በቴሌቪዥን የሚመለከት ሁሉ ይህን ትዕይንት ያውቀዋል። መርማሪው ሽጉጡን ይመዝዛል፤ ቃታውን ይስባል፤ ወንጀለኛው ደረቱን ተመትቶ ሁለትና ሦስት ሜትር ወደ ኋላ ይስፈነጠርና መስኮት ሰብሮ ይወድቃል። ተኳሹ ግን ከቆመበት ንቅንቅ አይልም። ደራሲ ታሪኩን እንደ ፈቀደ መጻፍ መብቱ ነው፤ የተፈጥሮን ሕግ መሻር ግን አይችልም። እስቲ ይህንን ትዕይንት ማንኛውም የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ በሚያውቀው ፊዚክስ እንመርምረው።

የሞመንተም ሂሳብ

የአንድ አካል ሞመንተም መጠነ ቁሱ በፍጥነቱ ሲባዛ የሚገኘው ውጤት ነው። ሁለት አካላት ሲጋጩ፣ ከውጭ የሚገፋቸው ሌላ ኃይል እስከሌለ ድረስ፣ የሁለቱ ጠቅላላ ሞመንተም አይጨምርም፤ አይቀንስምም።

የተለመደው የ9 ሚሊ ሜትር ሽጉጥ ጥይት 8 ግራም ያህል ይመዝናል፤ ፍጥነቱም በሰከንድ 360 ሜትር ገደማ ነው። ስለዚህ ሞመንተሙ 0.008 × 360፣ ማለትም 2.9 ኪሎ ግራም ሜትር በሰከንድ ይሆናል። ጥይቱ 70 ኪሎ ግራም በሚመዝን ሰው አካል ውስጥ ቢቀር ሰውየው የሚያገኘው ፍጥነት 2.9 ለ70 ሲካፈል ነው፤ ይኸውም በሰከንድ 4 ሳንቲ ሜትር ብቻ ነው። ሰው በዝግታ ሲራመድ እንኳ በሰከንድ 1 ሜትር ያህል ይጓዛል። የክላሽንኮቭ ጥይት ፍጥነቱ በሰከንድ 700 ሜትር ገደማ ቢሆንም ውጤቱ ከ8 ሳንቲ ሜትር በሰከንድ እምብዛም አያልፍም። በድራማው እንደምናየው ሰውየው በሰከንድ 3 ሜትር እንዲወረወር ከ70 በላይ የሽጉጥ ጥይቶች በአንድ ቅጽበት ሊመቱት ይገባል።

የኒውተን ሦስተኛ ሕግም ይህንኑ ያጸናል። ጥይቱ ወደ ፊት ሲተኮስ ሽጉጡ በተቃራኒው አቅጣጫ የተኳሹን እጅ ይገፋል። ይህ ግፊት ለተኳሹ የሚሰጠው ሞመንተም ጥይቱ ለተመቺው ከሚሰጠው አያንስም። ስለዚህ ተመቺው የሚወረወር ቢሆን ኖሮ ተኳሹም አብሮ ወደ ኋላ በተወረወረ ነበር! በፊልም ላይ ተዋናዩን ወደ ኋላ የሚያስፈነጥረው ከካሜራው የተሰወረ ገመድ ወይም የራሱ ዝላይ ነው።

ከእውነተኛው ዓለም አንድ ማስረጃ

እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 28 ቀን 1997 በሎስ አንጀለስ ከተማ፣ ኖርዝ ሆሊውድ በተባለው ሠፈር ሁለት የታጠቁ ሰዎች አንድ ባንክ ዘረፉ። ከፖሊስ ጋር ያደረጉት የተኩስ ልውውጥ 44 ደቂቃ ያህል እንደ ቆየ ይነገራል፤ በ2003 ስለዚሁ ድርጊት የተሠራው የቴሌቪዥን ፊልም ርዕሱን የወሰደውም ከዚሁ ቁጥር ነው። ዘራፊዎቹ ጥይት መከላከያ ልብስ ለብሰው ስለ ነበር የፖሊሶቹ ሽጉጦች ሊበሱት አልቻሉም። መከላከያው ጥይቱን ሲያስቆመው ሞመንተሙ በሙሉ ወደ ለባሹ ይተላለፋል። ይሁን እንጂ ዘራፊዎቹ በተደጋጋሚ እየተመቱ መራመዳቸውንና መተኮሳቸውን ቀጥለዋል። በመጨረሻ ሁለቱም ሞተዋል፤ ከፖሊሶችና ከነዋሪዎች ወገን በርካታ ሰዎች ቢቆስሉም የሞተ አልነበረም።

ታዲያ የሚገድለው ምንድን ነው?

የጥይቱ ግፊት ይህን ያህል ትንሽ ከሆነ ስለ ምን ይገድላል? መልሱ በኢነርጂ ላይ ነው። የዚያ ሽጉጥ ጥይት ኢነርጂ 520 ጁል ገደማ ሲሆን ሰውየውን ለማንቀሳቀስ የሚውለው ከ0.1 ጁል ያነሰ ነው። የቀረው ሁሉ ሥጋን ለመቅደድ፣ አጥንትን ለመስበርና ወደ ሙቀት ለመለወጥ ይውላል።

520 ጁል በራሱ የሚያስደንቅ መጠን አይደለም። 70 ኪሎ ግራም የሚመዝን ሰው ከጠረጴዛ ላይ ዘልሎ መሬት ሲደርስ ያለው ኢነርጂ ከዚህ ብዙም አይለይም። ልዩነቱ ዘላዩ ኢነርጂውን በሁለት እግሮቹና በጡንቻዎቹ ሲያበርደው፣ ጥይቱ ግን ስፋቱ ከ1 ካሬ ሳንቲ ሜትር ባነሰ ቦታ ላይ ማሳረፉ ነው።

ከዚህ የምናገኘው ትምህርት ከፊልም ትችት ያልፋል። በጥይት የተመታ ሰው ቆሞ ሊቀር፣ ሊሮጥ፣ አልፎ አልፎም መመታቱን ሳያውቅ ሊቆይ ይችላል። በመሆኑም «ቢመታ ኖሮ ይወድቅ ነበር» ወይም «ወደ ፊት የወደቀው ከኋላ ስለ ተተኮሰበት ነው» የሚል ምስክርነት በፊዚክስ ፊት አይጸናም። ቆስሎ የቆመ ሰውም ደሙ ወደ ውስጥ እየፈሰሰ ሊሆን ስለሚችል «ደኅና ነኝ» ቢልም ወዲያው ወደ ሐኪም መወሰድ አለበት።

በርና ድምፅ ማፈኛ

በድራማ ፖሊሶች ከመኪና በር ጀርባ ይከለላሉ። የበሩ ቆርቆሮ ግን ውፍረቱ ከ1 ሚሊ ሜትር ያነሰ ስለ ሆነ የሽጉጥ ጥይት እንኳ ይበሳዋል። ከመኪና የተሻለ ከለላ የሚሰጠው የሞተሩ ብረት ያለበት የፊተኛው ክፍል ነው።

በሽጉጥ አፈ ሙዝ ላይ የሚገጠመው ድምፅ ማፈኛም በድራማ ተኩስን ወደ ሹክሹክታ ይለውጣል። የሽጉጥ ተኩስ ድምፅ 160 ዴሲቤል ያህል ነው፤ ማፈኛው ከዚህ 30 ዴሲቤል ገደማ ይቀንሳል። ቅነሳው የድምፁን ጥንካሬ በ1,000 እጅ ያሳንሰዋል፤ ሆኖም የሚቀረው 130 ዴሲቤል ጎረቤትን ከእንቅልፉ ለመቀስቀስ ይበቃል። በተጨማሪም የድምፅ ፍጥነት በሰከንድ 340 ሜትር ገደማ በመሆኑ ከዚህ የሚፈጥን ጥይት በአየር ውስጥ የራሱን ጩኸት ያሰማል፤ ይህንን ማፈኛው ሊያስቀረው አይችልም።

ወደ ሰማይ የተተኮሰ ጥይት

የድራማው ፖሊስ ሰዎችን ለማስጠንቀቅ ወደ ሰማይ ይተኩሳል፤ ጥይቱም የጠፋ ያህል ይረሳል። በአገራችንም በአንዳንድ አካባቢዎች በሠርግና በለቅሶ ወደ ሰማይ የመተኮስ ልማድ አለ። የወጣው ሁሉ ግን ይወርዳል። በቀጥታ ወደ ላይ የተተኮሰ ጥይት የአየር ሰበቃ ስለሚያግደው በተተኮሰበት ፍጥነት አይመለስም። ቢሆንም በሰከንድ ከ60 እስከ 90 ሜትር ሊደርስ በሚችል ፍጥነት ይወድቃል፤ ይህም ቆዳን ለመብሳትና በራስ ላይ ብርቱ ጉዳት ለማድረስ ይበቃል። ጥይቱ ዘንበል ብሎ ከተተኮሰ ደግሞ በቀጥታ ወደ ላይ ከተተኮሰው የበለጠ ፍጥነት ይዞ፣ ተኳሹ ፈጽሞ በማያየው ሩቅ ቦታ ያርፋል። ድራማውን ለመዝናኛ መመልከት ነውር የለበትም። በሠርጉ ቤት መሣሪያ ወደ ሰማይ የሚያነሣ ዘመድ ሲያጋጥማችሁ ግን ይህን ሂሳብ ንገሩት።