የሚያገረሽ ትኩሳት

የሚያገረሽ ትኩሳት ወይም ግርሻ፣ ቦሬሊያ ረከረንቲስ በሚባል ጥምዝምዝ ባክቴሪያ የሚመጣና በልብስ ቅማል የሚተላለፍ በሽታ ነው። ስሙን ያገኘው ለቀቀ ሲባል ተመልሶ ስለሚያገረሽ ነው። በሽታው እስካሁን ካልጠፋባቸው ጥቂት አገሮች አንዷ ኢትዮጵያ ናት።

አተላለፍ

ቅማሏ የታመመ ሰው ደም ስትመጥ ባክቴሪያውን ትወስዳለች። ወደ ሌላ ሰው የሚገባው ግን በንክሻዋ አይደለም። በጥፍር ስትደፈጠጥ ወይም ሰውየው ሲያክ ስትፈርጥ የሚወጣው ፈሳሽ በተቧጨረ ቆዳ ወይም በዓይን በኩል ይገባል። ስለዚህ ቅማልን በጥፍር መግደል ራሱ ለበሽታው ያጋልጣል። ቅማሏ እንቁላሏን የምትጥለው በልብስ ስፌት ውስጥ ነው። እንደ መንዝና ግሼ ራቤል ባለ ብርዳማ ደጋ ልብስ ተደራርቦ ስለሚለበስ ለቅማል ይመቻል። ወረርሽኙ ግን በአብዛኛው የሚነሣው ሰው ተፋፍጎ በሚያድርበት ስፍራ፣ ለምሳሌ በእስር ቤት፣ በወታደር ሰፈርና በቀን ሠራተኞች ማደሪያ ነው።

በሽታውን እንዴት ያመጣል?

ባክቴሪያው በደም ውስጥ ሲራባ ድንገተኛ ትኩሳት፣ ብርድ ብርድ ማለት፣ ራስ ምታት፣ አንዳንዴም ነስርና የዓይን ቢጫነት ይከተላል። ሰውነት ፀረ እንግዳ አካል ሠርቶ አብዛኛውን ሲገድል ትኩሳቱ ይበርዳል። ሆኖም የላይ ሽፋናቸውን ፕሮቲን የለወጡ ጥቂት ባክቴሪያዎች ሳይታወቁ ያመልጣሉ፤ እነዚህ ሲበዙ ከሳምንት ገደማ በኋላ በሽታው ያገረሻል። ሳይታከም ከቀረ ከ10 እስከ 40 በመቶ የሚሆኑትን ሕሙማን ሊገድል ይችላል።

ሕክምናና ምርምር

በሽታው በፔኒሲሊን ወይም በቴትራሳይክሊን ይድናል። ይሁን እንጂ መድኃኒቱ በተሰጠ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ሕመምተኛው በኃይል ይንቀጠቀጣል፣ ትኩሳቱ ይጨምራል፣ ከዚያም የደም ግፊቱ ይወርዳል። ይህ ያሪሽ-ኸርክስሃይመር ምላሽ ይባላል፤ ሊገድልም ስለሚችል ታካሚው ተኝቶ በቅርብ መታየት አለበት።

የዚህን ምላሽ ምክንያት ለማወቅ ሕሙማንን የሚያክሙ ሐኪሞች ራሳቸው ተመራምረዋል። እ.ኤ.አ. በ1992 ዮሐንስ ንጉሤና ባልደረቦቹ፣ በምላሹ ጊዜ ቲኤንኤፍ የተባለው የሰውነት ፕሮቲን በደም ውስጥ እንደሚጨምር አሳዩ። እ.ኤ.አ. በ1996 ዳንኤል ፈቃደና ባልደረቦቹ ከበግ የተገኘ የቲኤንኤፍ ማክሸፊያ ከፔኒሲሊን በፊት ሰጡ። ማክሸፊያውን ካገኙት 20 ሕሙማን ምላሹ የታየው በ10ሩ ሲሆን፣ ካላገኙት 29 ግን በ26ቱ ታይቷል። እ.ኤ.አ. በ1998 ደግሞ ቲኤንኤፍን በዋናነት የሚቀሰቅሰው ያው ተለዋዋጭ የባክቴሪያ ሽፋን እንደሆነ ተገለጸ። ይኸውም ባክቴሪያውን ከሰውነት የሚሰውረው ነገር ሕመሙንም የሚያጠና መሆኑ ታወቀ።

መከላከያ

ልብስንና መኝታን በፈላ ውኃ ማጠብና ገላን መታጠብ ዋናው መከላከያ ነው። ሕመምተኛው መድኃኒት ቢወስድም ልብሱ ከቅማል ካልጸዳ በሽታው ወደ ቤተሰቡ ሊዛመት ይችላል።