የአንድ ሰዓት ጉዞ በአምስተርዳም ቦዮች፤ ለነጋዴ የሚሰጠው ትምህርት

የአበባ ወይም የቡና ሽያጭ ጉዳይ ይዞ ወደ ሆላንድ አገር የሚሄድ ነጋዴ፣ ሥራውን በጧት ጨርሶ ጊዜ ሲተርፈው ወደ ሱቅ ይወጣል፤ አለዚያም በሆቴሉ ተቀምጦ የአውሮፕላኑን መነሻ ሰዓት ይጠብቃል። ይሁን እንጂ በአምስተርዳም ከተማ በአንድ ሰዓት ጊዜና በመጠነኛ ዋጋ፣ የነጋዴዎች ከተማ እንዴት እንደ ተሠራ በዓይን አይቶ ለመረዳት የሚቻልበት መንገድ አለ። ይኸውም በከተማይቱ ቦዮች ላይ መንገደኛ አሳፍረው የሚያስጎበኙት ጀልባዎች ናቸው። አብዛኛው ጎብኚ የሚመለከተው የሕንፃዎቹን ውበት ነው። ነጋዴ የሆነ ሰው ግን ከውበቱ ይልቅ አሠራሩን ቢመለከት የበለጠ ስለሚጠቀም፣ ከዚህ ቀጥሎ በጉዞው ላይ ምን እንደሚታይና ምን ትርጉም እንዳለው ይገለጻል። የተጠቀሱት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

የጉዞው አኳኋን

ጀልባዎቹ በአብዛኛው የሚነሡት ከዋናው የባቡር ጣቢያ ፊት ለፊት ወይም ራይክስሙዚየም ከተባለው ትልቅ ቤተ መዘክር አጠገብ ነው። ጀልባው ረዥምና ዝቅ ያለ ነው፤ ዝቅ ማለቱም በድልድዮቹ ሥር ለማለፍ እንዲችል ነው። የብዙዎቹ ጣራ በመስተዋት የተሸፈነ ስለ ሆነ ዝናብ ጉዞውን አያቋርጠውም። ማብራሪያውን የሚሰጠው የጀልባው ነጂ ነው፤ አለዚያም በልዩ ልዩ ቋንቋ ተቀርጾ በጆሮ ማዳመጫ ይሰማል። የከተማው አስተዳደር የናፍጣ ሞተሮች በኤሌክትሪክ እንዲተኩ ስላዘዘ፣ ብዙዎቹ ጀልባዎች ያለ ጩኸትና ያለ ጭስ ይሄዳሉ።

መንገደኛው ሦስት ነገር ቢያስብ ይጠቅመዋል። አንደኛ፣ ከሰኔ እስከ ነሐሴ ጎብኚ ስለሚበዛ ትኬቱን አስቀድሞ ይግዛ። ሁለተኛ፣ ሁሉም ጀልባ በአንድ መስመር ስለማይሄድ፣ ከመሳፈሩ በፊት ጀልባው በየትኞቹ ቦዮች እንደሚያልፍ ይጠይቅ። ሦስተኛ፣ የቤቶቹን አናት ለማየት በሚያመች መስኮት አጠገብ ይቀመጥ፤ ለነጋዴ የሚሆነው ቁም ነገር በብዛት ያለው ከላይ ነውና።

ከኬላ ነፃ የወጡ ሰዎች

የአምስተርዳም ሰዎች ነገር ለመጀመሪያ ጊዜ በጽሑፍ የተገኘው በጦርነት ታሪክ ወይም በንጉሥ ዜና መዋዕል ውስጥ አይደለም። በ1275 ዓ.ም. የሆላንድ መስፍን ፍሎሪስ 5ኛ፣ በአምስቴል ወንዝ ግድብ አጠገብ የሚኖሩት ሰዎች ዕቃቸውን ይዘው በግዛቱ ሲያልፉ የኬላ ቀረጥ እንዳይከፍሉ በደብዳቤ ፈቀደላቸው። የከተማይቱም ስም የመጣው ከዚሁ ወንዝና ከዚሁ ግድብ ነው። አምስተርዳም በ2025 ዓ.ም. 750ኛ ዓመቷን ስታከብር የቆጠረችው ከዚህ ደብዳቤ ጀምራ ነው። የቀድሞው ሲራራ ነጋዴ በየኬላው እንዴት ይጉላላ እንደ ነበረ ከአባቶቹ የሰማ ሰው የዚህ ፈቃድ ዋጋ አይጠፋውም። ቀረጡ ሲቀርላቸው ዕቃቸው ረከሰ፤ ዕቃቸው ሲረክስም ገዥ በዛላቸው።

ውሃን መንገድ ማድረግ

ጀልባው ብዙውን ጊዜ የሚያልፍባቸው ሦስቱ ታላላቅ ቦዮች ሄረንግራኽት፣ ካይዘርስግራኽትና ፕሪንሰንግራኽት ይባላሉ። ትርጉማቸውም የጌቶች፣ የንጉሠ ነገሥቱና የልዑሉ ቦይ ማለት ነው። ቁፋሮው የተጀመረው በ1613 ዓ.ም. ሲሆን፣ አሮጌውን ከተማ በግማሽ ክብ ከበው እንዲሄዱ በፕላን ተሠሩ። በ2010 ዓ.ም. ዩኔስኮ ይህን የቦዮች ክፍል በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል።

ቦዮቹ ለጌጥ የተቆፈሩ አይደሉም። ምድሩ ረግረግ ስለ ነበረ ውሃው የሚሰበሰብበት ቦታ ያስፈልግ ነበር፤ ከቦዩ የወጣውም አፈር የቤት መሥሪያውን መሬት ከፍ ለማድረግ ጠቀመ። ከሁሉም ይልቅ ግን ቦዩ የዕቃ መንገድ ነበር። ረግረጉ ሕንፃ ስለማይሸከም ቤቶቹ የቆሙት ወደ ጥልቁ አሸዋ በተተከሉ ግንዶች ላይ ነው። በ17ኛው ክፍለ ዘመን የከተማው ማዘጋጃ ቤት ሆኖ የተሠራውና ዛሬ ቤተ መንግሥት የሆነው ሕንፃ ብቻ በ13,659 ግንዶች ላይ እንደ ቆመ ይነገራል። ግንድ ደግሞ በብዛት የሚመጣው ከኖርዌይና ከባልቲክ ባሕር አገሮች ነበር። እንግዲህ ይህች የአስመጪዎች ከተማ የቆመችበትን መሠረት ሳይቀር ከውጭ ያስመጣች ናት ለማለት ይቻላል።

በቤቱ አናት ላይ ያለው መንጠቆ

መንገደኛው ቀና ብሎ ቢመለከት፣ በየቤቱ ጣራ ጫፍ ሥር ወደ ውጭ የወጣ አጭር ግንድና መንጠቆ ያያል። ይህ የዕቃ ማውጫ ነው። በቀድሞው ዘመን በብዙ ቤት ነጋዴው ከታች ይኖርና ሥራውን ያካሂድ ነበር፤ ሸቀጡን ደግሞ ከላይ ውሃና እርጥበት በማይደርስበት ፎቅ ያስቀምጥ ነበር። ብዙ ቤቶች ጥቂት ወደ ፊት ያዘነበሉ ናቸው፤ ይህም በገመድ የሚሳበው ዕቃ ከግድግዳና ከመስኮት ጋር እንዳይጋጭ ተብሎ የተደረገ መሆኑን አስጎብኚዎች ያስረዳሉ። ዛሬም ቢሆን ደረጃው ጠባብ ስለ ሆነ፣ ቤት የሚቀይር ሰው አልጋውንና ቁም ሣጥኑን በዚሁ መንጠቆ ሲያወጣ ይታያል።

የዚህን ጥቅም ነጋዴ በቀላሉ ያሰላዋል። ትልቁ መርከብ ኤይ በተባለው ውሃ ላይ ይቆማል፤ ዕቃው ወደ ትንሽ ጀልባ ይገለበጣል፤ ጀልባዋ እስከ ደጁ ትመጣለች፤ ከዚያም በገመድ ተስቦ በቀጥታ ወደ መጋዘን ይገባል። በጋሪ መጫንና ማራገፍ፣ በጭቃ መንገድ መዘግየትም ቀረ። አንድ ዕቃ እጅ በለወጠ ቁጥር ኪሳራና ስርቆት እንደሚጨምር የሚያውቅ ሰው፣ ከተማይቱ ትርፍ ያገኘችው በመሸጫ ዋጋ ብቻ ሳይሆን በማጓጓዣው ቁጠባ ጭምር መሆኑን ይረዳል።

ሚዛን፣ ባንክና አክሲዮን

መንገድ ብቻውን ገበያ አያቆምም። ኒውማርክት በተባለው አደባባይ የሚገኘው ዋኽ የተባለው አሮጌ ሕንፃ በ15ኛው ክፍለ ዘመን የከተማ በር ሆኖ ተሠርቶ ነበር፤ በ1617 ዓ.ም. ግን የከተማው ሚዛን ቤት ሆነ። ሻጭና ገዥ እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን ሚዛን ይዘው በመከራከር ፈንታ፣ በሁለቱም ዘንድ የታመነ የሕዝብ ሚዛን ተቆመላቸው።

ለገንዘቡም እንደዚሁ ተደርጓል። በዚያ ዘመን በገበያው ላይ የብዙ አገር ገንዘብ ይዘዋወር ስለ ነበረ፣ አንዱ ሙሉ ክብደት ያለው ሌላው የተፋቀ ይሆን ነበር። በ1609 ዓ.ም. የከተማው አስተዳደር አንድ የመመንዘሪያ ባንክ አቋቋመ። ነጋዴው ገንዘቡን በዚያ አስቀምጦ ዕዳውን በመዝገብ ላይ ከስም ወደ ስም በማዛወር ይከፍል ነበር። ከዚያም አስቀድሞ በ1602 ዓ.ም. የተቋቋመው የምሥራቅ ሕንድ ኩባንያ ካፒታሉን የሰበሰበው ከሕዝብ ሲሆን፣ ባለ አክሲዮኑ ድርሻውን ለሌላ ሰው ለመሸጥ ይችል ነበር። ስለዚህ አንድ ነጋዴ ሀብቱን ሁሉ በአንድ መርከብ ላይ አስቀምጦ ማዕበሉን በመፍራት ፈንታ፣ ከብዙዎች ጋር ትርፉንም ጉዳቱንም ተካፈለ።

የጋራ ሥራ ሲዘነጋ

በቦዩ ውስጥ ያለው ውሃ ዝም ብሎ የሚፈስ አይደለም። ከፍታው በመዝጊያ በሮችና በፓምፖች ይጠበቃል፤ ውሃው እንዳይበላሽም መዝጊያዎቹን በሌሊት ዘግተው ንጹሕ ውሃ የሚያስገቡ ሠራተኞች አሉ። በአምስቴል ወንዝ ላይ የሚያልፍ ጀልባ ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ የቆዩትን መዝጊያዎች ያሳያል። ጎረቤት የማይጠብቀውን ግድብ ማንም ነጋዴ በግሉ ሊጠብቀው ስለማይችል፣ እዚህ አገር ባለጠጋውም ድኻውም ለውሃ ጥበቃ አብሮ መክፈል ነበረበት። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የተባለው በዚያ ምድር ላይ የኑሮ ግዴታ ነው።

ጥገናው ሲዘገይ የሚደርሰውም ታይቷል። በ2020 ዓ.ም. ግሪምቡርግዋል በተባለው ቦይ ዳር የነበረው የድንጋይ ግንብ ድንገት ወደ ውሃው ተደረመሰ። እነዚህ ግንቦች የተሠሩት ለፈረስና ለጋሪ ሲሆን፣ ብዙ ዘመን የከባድ መኪና ሸክም ተሸክመዋል። አሁን ከተማይቱ ወደ 200 ኪሎ ሜትር የሚደርስ ግንብ በመመርመርና በማደስ ላይ ናት። ጎብኚውም በየቦታው የብረት ድጋፍና የተዘጋ መንገድ ቢያይ ምክንያቱ ይህ ነው።

የትርፉ ሌላው ገጽ

በሄረንግራኽት ላይ ወርቃማው ማጠፊያ የተባለው ስፍራ አለ። በዚያ ያሉት ቤቶች ሰፋፊ ናቸው፤ ባለጠጎቹ ሁለት ሁለት ቦታ እየገዙ ሠርተዋቸዋልና። ከእነዚህ ታላላቅ ቤቶች አንዱ፣ ቁጥር 502፣ በዛሬው ጊዜ የከተማው ከንቲባ መኖሪያ ነው። በ17ኛው ክፍለ ዘመን ያሠራው ግን ሰዎችን በባርነት ሸጦ ያተረፈው የምዕራብ ሕንድ ኩባንያ ባለሥልጣን ፓውሉስ ጎዲን ነበር። ይህንን የሚያስታውስ ምልክት በ2006 ዓ.ም. በቤቱ ፊት ተደርጓል። በሱሪናም ባርነት በሕግ የቀረው በ1863 ዓ.ም. ሲሆን፣ የአምስተርዳም ከንቲባ በከተማይቱ ስም ይቅርታ የጠየቁት በ2021 ዓ.ም. ነው። ስለዚህ የታመነ ሚዛን የነበራት ከተማ ሰውን በገንዘብ ከመመዘን አልተመለሰችም። ያማረ ቤት ሁሉ በንጹሕ ትርፍ የተሠራ አለመሆኑን ነጋዴ ሊያስታውስ ይገባዋል።

በፕሪንሰንግራኽት ቁጥር 263 የሚገኘው ቤት ደግሞ የነጋዴ ቢሮና መጋዘን ነበር። ጀርመኖች አገሪቱን በያዙ ጊዜ፣ ከ1942 እስከ 1944 ዓ.ም. ድረስ፣ የንግድ ቤቱ ባለቤት የነበሩት ኦቶ ፍራንክ ከሚስታቸው፣ ከሁለቱ ሴቶች ልጆቻቸውና ከሌሎች አራት ሰዎች ጋር በቤቱ ጀርባ ተሸሽገውበታል። ታናሺቱ ልጅ አና የጻፈችው የዕለት ማስታወሻ በዓለም ሁሉ ታውቋል። የንግድ ቤቱ ሠራተኞች ሕይወታቸውን ለአደጋ አጋልጠው ምግብ ያቀብሏቸው እንደ ነበር ማስታወስ ተገቢ ነው።

ቡና የማይበቅልበት የቡና ገበያ

ለኢትዮጵያ ላኪ ከሁሉ የበለጠ የሚያሳስበው በምሥራቁ የከተማው ክፍል፣ በቦይ ዳር የሚገኘው የዕፀዋት አትክልት ቦታ ነው። ሆርቱስ የተባለው ይህ ቦታ የተመሠረተው በ1638 ዓ.ም. ነው። ቡና ከኢትዮጵያ ወደ የመን ከተሻገረ በኋላ ሆላንዶች ዘሩን ወደ ጃቫ ወስደው ተከሉት፤ በ1706 ዓ.ም. ከጃቫ አንድ የቡና ተክል ወደዚህ አትክልት ቦታ መጣ። ከዚህ የተገኘ ተክል በ1714 ዓ.ም. ለፈረንሳዩ ንጉሥ ለሉዊ 14ኛ ተበረከተ። በአሜሪካ ምድር ከተስፋፋው ቡና ብዙው ከዚህ ዘር የወረደ ነው።

በዚህ ዓይነት በብርዱ ምክንያት ቡና በሜዳ ሊበቅል በማይችልበት ከተማ የቡና ሐራጅ ተቋቋመ፤ ዋጋውም ከአራሹ ርቆ ተወሰነ። በጃቫ የመንግሥት ሠራተኛ የነበረው ሙልታቱሊ በ1860 ዓ.ም. ማክስ ሃቨላር የተባለውን መጽሐፍ አሳትሞ የጃቫን ገበሬዎች መከራ ገልጧል። በመጽሐፉ ውስጥ ከሚናገሩት ሰዎች አንዱን በአምስተርዳም ቦይ ዳር የሚኖር የቡና ደላላ ማድረጉ በከንቱ አልነበረም። ዘሩን ያስገኘች አገር መርከቡን፣ መጋዘኑን፣ ሚዛኑንና የሐራጁን ደወል ካልያዘች፣ በራሷ ዕቃ ዋጋ ላይ ቃል እንደሚያጥራት ከዚህ የበለጠ ምስክር የለም።

ከቦዩ እስከ አበባው ሐራጅ

ጀልባው በሲንግል ቦይ ካለፈ፣ ከ1862 ዓ.ም. ጀምሮ የታወቀው የአበባ ገበያ ይታያል። ቀድሞ አምራቾች አበባቸውን በጀልባ እያመጡ ይሸጡበት ነበር፤ ዛሬ በብዛት የሚሸጠው ለጎብኚዎች የሚሆን የአበባ ሥርና ማስታወሻ ዕቃ ነው። እውነተኛው ገበያ ከከተማው ውጭ፣ ከስኪፖል አውሮፕላን ማረፊያ አቅራቢያ በአልስሜር ይገኛል። የኢትዮጵያ ጽጌረዳ የሚሸጥበት ይህ ሐራጅ፣ ዋጋው ከላይ ተነሥቶ ወደ ታች የሚወርድበት ሲሆን፣ ቀድሞ ያስቆመው ገዥ ዕቃውን ይወስዳል። ልብ ሊባል የሚገባው ግን የሐራጁ ባለቤት አንድ ባለጠጋ አለመሆኑ ነው፤ የአምራቾቹ የኅብረት ሥራ ማኅበር ነው። የአበባ አምራቾቹ የቡና አራሾች ያላገኙትን ነገር አገኙ፤ ይኸውም ዋጋው የሚቆረጥበትን ቤት የራሳቸው አደረጉት።

እንግዲህ በአምስተርዳም አንድ ሰዓት የተረፈው ነጋዴ በጀልባው ላይ ተቀምጦ ሦስት ጥያቄዎችን በልቡ ይያዝ። የእርሱ ዕቃ ከእርሻው እስከ ገዥው ድረስ ስንት ጊዜ እጅ ይለውጣል? ዕቃው የሚመዘንበትን ሚዛን ሻጩም ገዥውም ያምኑታል? ዋጋው በሚወሰንበት ቤትስ እርሱና ባልደረቦቹ መቀመጫ አላቸው? የቦዮቹ ባለቤቶች በየዘመኑ ለእነዚህ ጥያቄዎች መልስ ያገኙት እያንዳንዳቸው ብቻቸውን አይደለም፤ በማኅበር ተሰብስበው፣ ገንዘብ አዋጥተውና መዝገብ ይዘው ነው።