ክፍት የሚባለው ስልክ ምኑ ክፍት ነው?

ባለፈው ዓመት በማስተምርበት የመምህራን ማሠልጠኛ ተቋም ለእጩ መምህራን ስለ ብርሃን ስብረት አንድ መልመጃ በስልክ መተግበሪያ መልክ አዘጋጅቼ ነበር። ዝግጅቱ ብዙ ሌሊት ወስዶብኛል። በክፍለ ጊዜው ግን መልመጃውን ሊከፍቱ የቻሉት ከተማሪዎቹ ግማሽ ያህሉ ብቻ ሆኑ። የአንዳንዱ ስልክ አሮጌ በመሆኑ መተግበሪያውን አልቀበልም አለ፤ የአንዳንዱ በፎቶግራፍና በቪዲዮ ሞልቶ ቦታ አጣ፤ የሌላው ደግሞ ሥሪቱ ጭራሹን የተለየ ነበር። በሳምንቱ ያንኑ መልመጃ በተራ ድረ ገጽ መልክ ጽፌ ባቀርበው ሁሉም ከፈቱት። ይሁን እንጂ በአንዲት ተማሪ ትንሽ ስልክ ላይ በፊደላችን ምትክ ባዶ ሣጥኖች ተደርድረው ታዩ።

ይህ ገጠመኝ አንድ ጥያቄ አስነሣብኝ፤ ይኸውም በተማሪው ስልክ ላይ ምን እንዲከፈት፣ ምን እንዳይከፈት የሚወስነው ማን ነው? የሚል ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማም ጥያቄውን በመጠኑ ማብራራትና ለመምህሩ ሥራ ያለውን ትርጉም ማሳየት ነው።

1. ድረ ገጽ በሁሉም ስልክ የሚከፈተው ለምንድን ነው?

እ.ኤ.አ. በ1989 ቲም በርነርስ ሊ የተባለ እንግሊዛዊ በጄኔቭ አጠገብ በሚገኘው ሰርን በተባለው የአውሮፓ የኑክሌር ምርምር ድርጅት ሲሠራ የድረ ገጽን ሐሳብ አቀረበ። ሐሳቡ በሦስት ነገሮች ላይ የቆመ ነው። አንደኛ፣ እያንዳንዱ ገጽ የራሱ አድራሻ አለው። ሁለተኛ፣ ገጹ የሚጻፍበት አንድ የታወቀ ቋንቋ አለ። ሦስተኛ፣ ገጹ ከአንዱ ኮምፒዩተር ወደ ሌላው የሚተላለፍበት ደንብ አለ። ሰርን እ.ኤ.አ. በ1993 ይህን ሥራ ማንም ሰው ያለ ክፍያ እንዲጠቀምበት ለቀቀው።

ብራውዘር የሚባለው ፕሮግራም የተላከለትን ገጽ አንብቦ ለመስታወቱ ስፋት በሚስማማ መልክ የሚያሳይ ነው። ደንቡ የጋራ ስለሆነ ገጹን የሚጽፈው ሰው የአንባቢው ስልክ ምን ዓይነት እንደሆነ አስቀድሞ ማወቅ አያስፈልገውም፤ ፈቃድ የሚጠይቀውም አካል የለም። እ.ኤ.አ. በ2006 ለዓለም የቀረበው ኦፔራ ሚኒ የተባለው ብራውዘር ገጹን አስቀድሞ በሌላ ኮምፒዩተር ላይ እያጠበበ ወደ ስልኩ ይልክ ስለነበር፣ አነስተኛ ስልክና ደካማ መስመር ያላቸው ሰዎች ሳይቀሩ ድረ ገጽ ለማንበብ በቅተዋል።

2. ገበያው የሁሉም፣ ኬላው የአንድ

የስልክ ነገር ሲነሣ ግን ከብራውዘሩ በታች ስልኩን የሚመራው ዋና ፕሮግራም አለ። አፕል አይፎንን እ.ኤ.አ. በ2007 ለገበያ ሲያቀርብ የውጭ ፕሮግራም ሠሪዎች በድረ ገጽ በኩል ብቻ እንዲሠሩ ነበር የነገራቸው። በ2008 ግን የመተግበሪያ መደብር ከፈተ። ከዚያ ወዲህ በመደበኛው መንገድ ወደ ስልኩ የሚገባ መተግበሪያ በኩባንያው ተመርምሮ ማለፍ ነበረበት።

በዚያው በ2007 ጉግል ከሌሎች ኩባንያዎች ጋር ሆኖ አንድሮይድን ለዓለም አስታወቀ። ይህ ፕሮግራም ሊነክስ በተባለው ክፍት ሥራ ላይ የተገነባ ሲሆን፣ ኮዱን ማንም ወስዶ ሊያነበውና ሊለውጠው ይችላል። ርካሽ ስልኮች በዓለም ላይ እንዲስፋፉ ከረዱት ምክንያቶች አንዱ ይህ ነው።

ከዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ጉዳይ አለ። ክፍት የሆነው የአንድሮይድ መሠረቱ ነው፤ በላዩ ያሉት የጉግል መደብር፣ ካርታና ሌሎችም አገልግሎቶች ግን የኩባንያው የግል ሥራዎች ናቸው። የስልክ አምራች እነዚህን ለመጫን ውል መግባት አለበት። የአውሮፓ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2018 ጉግልን 4.34 ቢሊዮን ዩሮ የቀጣው፣ ከምክንያቶቹ አንዱ መደብሩን የሚፈልግ አምራች የጉግልን መፈለጊያና ብራውዘር አብሮ እንዲጭን ማስገደዱ ነበር። ፍርድ ቤት በ2022 ቅጣቱን ወደ 4.125 ቢሊዮን ዝቅ ቢያደርገውም ውሳኔውን በአብዛኛው አጽንቶታል። ነገሩ ገበያው የሁሉም ሆኖ ኬላው የአንድ ሰው እንደሆነበት ከተማ ነው።

3. ያልተሳካው ሙከራና ትምህርቱ

ስልኩ በሙሉ በድረ ገጽ ሥራ ቢመራስ ያሉም ነበሩ። ሞዚላ የተባለው ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2011 ሥራውን ጀምሮ በ2013 የፋየርፎክስ ስልኮች በስፔን ለሽያጭ ቀረቡ። ዋጋቸው ርካሽ ነበር፤ ኮዱም ክፍት ነበር። ነገር ግን ስልኮቹ ደካሞች ከመሆናቸውም በላይ ሰዎች በየዕለቱ የሚጠቀሙባቸው እንደ ዋትስአፕ ያሉ መተግበሪያዎች አልነበሩባቸውም። በ2015 መጨረሻ ሞዚላ ስልኮቹን በቴሌፎን ኩባንያዎች በኩል መሸጡን እንደሚያቆም አስታወቀ።

ይሁንና ኮዱ ክፍት በመሆኑ ሥራው ከንቱ አልቀረም። ካይ ኦኤስ የተባለው ፕሮግራም ከዚያው ኮድ ተወልዶ፣ እ.ኤ.አ. በ2017 በሕንድ በወጣው ባለ ቁልፍ የጂዮ ስልክ ላይ ዋለ። እንግዲህ ክፍትነት ብቻውን ስልክን ተፈላጊ አያደርገውም፤ የተጣለውን ሥራ ሌላ ሰው አንሥቶ እንዲቀጥልበት ግን ያደርጋል።

4. የፊደላችን ነገር

የተማሪዬ ስልክ ሣጥን ያሳየበት ምክንያት ቀላል ነው። ኮምፒዩተር ፊደልን የሚያውቀው በቁጥር ነው። የግዕዝ ፊደል በዩኒኮድ ውስጥ የራሱን ቁጥሮች ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1999 በ3.0 እትም ነው። ቁጥሩ ከታወቀ በኋላም ስልኩ ውስጥ የፊደሉ ቅርጽ፣ ማለትም ፎንት፣ ካልተቀመጠ ቁጥሩ ሣጥን ሆኖ ይታያል። ዛሬ ኖቶና አቢሲኒካን የመሳሰሉ በነፃ የሚገኙ የግዕዝ ፎንቶች ስላሉ ማንኛውም አምራች ሊጭናቸው ይችላል፤ ድረ ገጽ አዘጋጅም ፎንቱን ከገጹ ጋር አብሮ ሊልክ ይችላል። የጋራ ደንብ ባይኖር ኖሮ እያንዳንዱ አምራች ፊደላችንን እስኪያስታውስ ድረስ መጠበቅ ግድ በሆነ ነበር።

5. ወደፊትስ?

ነገሩ በሁለት አቅጣጫ እየሄደ ነው። በአንድ በኩል በአውሮፓ ኅብረት አገሮች እ.ኤ.አ. ከማርች 2024 ጀምሮ አፕል ሌሎች መደብሮችንና ከራሱ ሞተር ውጭ የሚሠሩ ብራውዘሮችን እንዲፈቅድ ሕግ አስገድዶታል። ከዚያ በፊት በአይፎን ላይ የሚገኝ ማንኛውም ብራውዘር፣ ስሙ ምንም ቢሆን፣ ውስጡ የአፕል ሞተር ነበር። በሌላ በኩል ጉግል በ2025 ባወጣው መግለጫ፣ ከመደብሩ ውጭ የሚጫኑ መተግበሪያዎችም ሳይቀሩ ሠሪዎቻቸው ማንነታቸውን ማስመዝገብ እንደሚጠበቅባቸው አስታውቋል። ኩባንያው ይህ አታላዮችን ለመከላከል ነው ይላል፤ ተቃዋሚዎች ደግሞ ክፍት የነበረው በር መጥበቡ ነው ይላሉ።

ለትምህርት ቤት ተስፋ የሚሰጥ ሌላም ነገር አለ። ዛሬ ድረ ገጽ አንድ ጊዜ ከተከፈተ በኋላ በስልኩ ውስጥ ተቀምጦ መስመር በሌለበትም እንዲሠራ ሆኖ ሊዘጋጅ ይችላል። ስለሆነም ተማሪው በትምህርት ቤት የከፈተውን መልመጃ መስመር በሌለበት መንደሩ ሆኖ ሊሠራው ይችላል።

6. ለመምህሩ የሚጠቅሙ ነጥቦች

ሀ. የሚያዘጋጁትን ትምህርት በቅድሚያ በድረ ገጽ መልክ ይጻፉ፤ መተግበሪያ የግድ ካልሆነ በስተቀር ይቆይ።

ለ. ጽሑፉን በዩኒኮድ ፊደል ይጻፉ እንጂ የገጽ ፎቶግራፍ አይላኩ። ፎቶግራፍ ይከብዳል፤ በውስጡም ቃል መፈለግ ያስቸግራል።

ሐ. ሥዕሎችን አሳንሰው ያስገቡ፤ የተማሪው የካርድ ገንዘብ ከምሳው የሚቀነስ ሊሆን ይችላልና።

መ. ለክፍሉ ከማቅረብዎ በፊት ከተማሪዎቹ መካከል አነስተኛው በሚባለው ስልክ ላይ ይሞክሩት።

እኔ ያን ሁሉ ሌሊት የደከምኩበትን መተግበሪያ የሞከርኩት በራሴ ስልክ ላይ ብቻ ነበር። በእኔ ስልክ በትክክል ይሠራ ነበር። አሁን የመጀመሪያው ሙከራ የሚደረገው በዚያች ተማሪ ስልክ ነው፤ ፎንቱን ከገጹ ጋር ከላክሁ ወዲህ ፊደሉ ይነበባል። በየትምህርት ቤቱ ያሉ የሥራ ባልደረቦችም በዚህ ረገድ ያገኙትን ልምድ በዚህ መጽሔት ቢያካፍሉን ለሁላችንም ይጠቅማል።