ከጆሮ ወደ ብዕር፦ የግጥም ቅርጾችን ለልጆች ስለ ማስተማር

1. መግቢያ

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ያሉ ልጆች የተለያዩ የአማርኛ ግጥም ቅርጾችን ለይተው እንዲጽፉ ትምህርቱ በምን ቅደም ተከተል ቢሰጥ እንደሚበጅ ማመልከት ነው። ጉዳዩ የአንደኛ ደረጃ መምህራን ብቻ መስሎ ሊታይ ይችላል። ነገር ግን በሥነ ጽሑፍ ክፍል ስለ ስንኝና ስለ ምት የምናስተምረው ወጣት ስለ ግጥም ያለው ግንዛቤ የተቀረጸው ከብዙ ዓመታት በፊት በአንድ የአማርኛ ክፍለ ጊዜ ውስጥ ስለሆነ፣ ነገሩ ተመራማሪውንም ይመለከታል።

በተለምዶ ልጅ ግጥም ጻፍ ሲባል የሚሰጠው ርእስ ነው፤ ስለ እናት፣ ስለ አገር፣ ስለ ትምህርት ጥቅም። ስለ ቅርጽ የሚነገረው ግን አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ይኸውም ቤት እንዲመታ። ልጁም «ይመጣል»ን ከ«ይሄዳል»፣ «ይበላል»ን ከ«ይጠጣል» እያጋጠመ ይጽፍና መጨረሻው ላይ ምክር ጨምሮ ያስረክባል። በዚህ መንገድ ከዓመት ዓመት የሄደ ልጅ ግጥም ማለት ግሥ መደርደርና መምከር ነው ወደሚል ድምዳሜ ይደርሳል። ይህ ጽሑፍ የሚከራከረው ልጁ ወደ ክፍል ሲገባ ከዚህ የበለጠ ዕውቀት በጆሮው ይዞ እንደሚመጣ፣ የመምህሩም ተግባር ያንን ዕውቀት በቅደም ተከተል ወደ ብዕር ማሻገር መሆኑን ነው።

2. ልጁ ይዞት የሚመጣው

ፊደል ከመቁጠሩ በፊት ልጅ በእሹሩሩ ተኝቷል። በቡሄ ሆያ ሆዬ ሲጨፍር አውራጁ ስንኙን ሲጥል ተቀባዩ የት ላይ መግባት እንዳለበት ማንም ሳያስተምረው ያውቃል። ሴቶች ልጆች በዘመን መለወጫ አበባየሆሽን ሲያዜሙ ጭብጨባው የሚያርፍበትን ቦታ አይስቱም። ይህ የምት ዕውቀት ነው።

እንካ ስላንቲያም የቤት መምታት ትምህርት ቤት ነው። አንዱ ልጅ አንድ ቃል ይጠራል፤ ጓደኛው ቃሉን በጥያቄ መልክ ይመልስለታል፤ የመጀመሪያው ልጅ ወዲያው በዚያ ቃል ቤት የሚመታ ተረብ መወርወር አለበት። ያመነታ ይሸነፋል። እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ቤት የሚመታው ቃል አስቀድሞ የተሰጠ መሆኑ ነው። ልጁ በሰዋስው ወደ ተዘጋጀለት የግሥ ምዕላድ ሊሸሽ አይችልም።

እንቆቅልሽ ደግሞ አንድን ነገር በሌላ ነገር መስሎ ማየትን ያለማምዳል። የዘይቤ ትምህርት «ተለዋጭ ዘይቤ» የሚለው ስያሜ ከመሰማቱ ብዙ ዓመት አስቀድሞ በምሽት ጨዋታ ተጀምሯል ማለት ነው።

እንግዲህ ልጁ ምትን፣ ቤትንና ምስልን በየጨዋታው ለየብቻ ያውቃቸዋል። የሚጎድለው ሦስቱን በአንድ ስንኝ ላይ አስማምቶ መጻፍ ነው።

3. ከቅኔ ቤት የሚወሰድ ልምድ

በአገራችን ግጥም መግጠም በሥርዓት ሲሰጥ የኖረበት ጥንታዊ ተቋም ቅኔ ቤት ነው። በዋሸራም ሆነ በጎንጅ ወይም በዋድላ ስልት የሚማር ደቀ መዝሙር በመጀመሪያው ቀን መወድስ እንዲቀኝ አይጠየቅም። ሁለት ቤት ባለው በጉባኤ ቃና ይጀምራል፤ ከዚያ ሦስት ቤት ወዳላቸው ወደ ዘአምላኪየና ወደ ሚበዝኁ ያልፋል፤ ወደ ዋዜማና ወደ ሥላሴ እያደገ ስምንት ቤት ካለው መወድስ ይደርሳል። የተቀኘውንም በመምህሩ ፊት በቃሉ ያቀርባል፤ እርማቱም በቃል ይሰጠዋል።

ቅኔ ቤት የትንንሽ ልጆች ቦታ አይደለም፤ ቋንቋውም ግእዝ ነው። በመሆኑም ይዘቱን ወደ አንደኛ ደረጃ ክፍል ማምጣት አይቻልም። ሊወሰዱ የሚችሉት ሁለት ልማዶች ናቸው። አንደኛው ከአጭሩ ቅርጽ ወደ ረዥሙ ደረጃ በደረጃ መሄድ ሲሆን፣ ሁለተኛው ግጥሙ ከመጻፉ በፊት ተነግሮ በጆሮ መፈተኑ ነው።

4. የቀለም ቆጠራ ችግር

መንግሥቱ ለማ እ.ኤ.አ. በ1963 ስለ አማርኛ ግጥም አገጣጠም በኢትዮጵያ ጥናት መጽሔት ካሳተሙት ጽሑፍ ወዲህ ምሁራን በቀለም ቆጠራ ላይ ብዙ ተነጋግረዋል። በክፍል ውስጥ ግን ቀለምን ከፊደል ጋር ማምታታት ይታያል። ለማስረጃ ያህል ለዚህ ጽሑፍ የተዘጋጁትን እነዚህን ሁለት ስንኞች እንመልከት፤

ዝናብ መጣ ከተራራ፤
በቆርቆሮ ስሜን ጠራ።

የመጀመሪያው ስንኝ 9 ፊደል፣ ሁለተኛው 10 ፊደል አለው። ሲነበቡ ግን ሁለቱም እኩል 8 ቀለም ናቸው። ምክንያቱ ሳድስ ፊደል አንዳንዴ አናባቢ ይዞ፣ አንዳንዴ ደግሞ ያለ አናባቢ የሚነገር መሆኑ ነው። በ«ዝናብ» ውስጥ «ዝ» ራሱን ችሎ ቀለም ሲመሠርት «ብ» የ«ና» ጥገኛ ነው፤ በ«በቆርቆሮ» ውስጥም «ር» ከ«ቆ» ጋር አንድ ቀለም ይሆናል። ስለዚህ በጣቱ ፊደል የሚቆጥር ልጅ ትክክለኛውን ስንኝ ስሕተት ነው ብሎ ያበላሸዋል።

ለልጆች የሳድስን ጠባይ በሰዋስው ማስረዳት አያስፈልግም። ስንኙን ጮክ ብለው እያሉ በእያንዳንዱ ቀለም አንድ ጊዜ ያጨብጭቡ። ተማሪው በበዛበት ክፍል ይህ ዘዴ እንዲያውም ይበልጥ ይሠራል፤ ስንኙ ሲዛነፍ ጭብጨባው ስለሚበተን መምህሩ ሳይናገር ክፍሉ ራሱ ያውቃል።

5. አንድ ነገር በሦስት ቤት

ከላይ የቀረቡት ስንኞች የተገጠሙት በቡሄ በሉ ቤት ነው። እያንዳንዱ ሐረግ 4 ቀለም፣ ስንኙ 8 ቀለም አለው። አጭርና ፈጣን በመሆኑ፣ ልጆችም ከጭፈራው ስለሚያውቁት፣ መጀመሪያ ሊሰጥ የሚገባው ይህ ቅርጽ ነው። ቀጥሎ ያንኑ ዝናብ ሐረጉ 5 ቀለም ወደ ሆነው ወደ ሰንጎ መገን እናሸጋግረው፤

ዝናቡ መጣ ከተራራው ላይ፤
ስሜን ጠራና አለፈ ሳላይ።

በየሐረጉ አንዲት ቀለም ብቻ ነው የተጨመረችው። ሆኖም «ዝናብ» «ዝናቡ» ሆኗል፤ ማንኛውም ዝናብ ሳይሆን ተናጋሪው የሚያውቀው ዝናብ ነው። ቆርቆሮው ወጥቶ በምትኩ ያመለጠ ነገር ጸጸት ገብቷል። በመጨረሻም ሐረጉ 6 ቀለም የሆነውንና በአማርኛ በብዛት የሚዘወተረውን የወል ቤት እንሞክር፤

ዝናቡ ሲመጣ ከተራራው ማዶ፣
አባቴ ጠበቀው በሬዎቹን ጠምዶ።

ስፋቱ ሲጨምር ለጥገኛ ሐረግ ቦታ ተገኘ፤ ሌላ ሰውም ወደ ግጥሙ ገባ። ቡሄ በሉ አንድ ምት ሲመታ፣ ሰንጎ መገን ስሜትን ሲይዝ፣ የወል ቤት ትረካ ጀመረ። እርግጥ እያንዳንዱ ቤት ለዚህ አገልግሎት ብቻ የተፈጠረ ነው ማለት አይደለም። ልጁ ሊረዳው የሚገባው ግን ቅርጽ ተዘጋጅቶ የሚጠብቅ ባዶ ስልቻ አለመሆኑን፣ ቅርጹ ሲለወጥ የሚባለውም እንደሚለወጥ ነው። ይህንን በማብራሪያ መንገር አይቻልም፤ አንድ ርእስ ይዞ በሦስቱም ቤት ከሞከረው ግን ልጁ ራሱ ይደርስበታል።

በዚህ ልምምድ ጊዜ «በጣም»፣ «እኮ»፣ «ደግሞ» እና መሰሎቻቸው ቀለም ለመሙላት ብቻ መግባታቸው አይቀርም። መምህሩ ቃሉን ከመሰረዝ ይልቅ «ይህ ቃል ቢወጣ ምን ይጎድላል?» ብሎ ቢጠይቅ ይሻላል። መልሱ «ቀለም ብቻ» ከሆነ ልጁ የተሻለ ቃል ይፈልጋል። ረዥሙ የፀጋዬ ቤት ግን ትንፋሽም የቃላት ሀብትም ስለሚጠይቅ ለላይኞቹ ክፍሎች ቢቆይ ይመረጣል።

6. ርካሹ ቤት

ገጣሚው ኬኔት ኮክ እ.ኤ.አ. ከ1968 ጀምሮ በኒውዮርክ ከተማ በአንድ የመንግሥት አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ልጆችን ግጥም አስተምሮ ልምዱን በ1970 በመጽሐፍ አሳትሟል። ልጆቹ ቤት እንዳይመቱ ይመክር ነበር፤ የሚገጥም ቃል ፍለጋ ሐሳባቸውን ያግደዋል በሚል። በምትኩ እያንዳንዱ ስንኝ በምኞት ቃል እንዲጀምር የመሳሰሉ ቀላል ሕጎችን ሰጣቸው።

ምክሩ ለአማርኛ በቀጥታ አይሠራም። በእንግሊዝኛ የሚገጥም ቃል ብርቅ ነው፤ በአማርኛ ግን ዓረፍተ ነገር በግሥ ስለሚያልቅና የግሥ ምዕላዶች ጥቂት ስለሆኑ ቤት ያለ ድካም ይመታል። የእኛ ልጅ ችግር የቤት እጥረት ሳይሆን የቤት መርከስ ነው። ስለዚህ መፍትሔው ቤትን መከልከል አይደለም፤ ዋጋውን ከፍ ማድረግ ነው። ግሥ ከግሥ እንዳይገጥም፣ ስም ከግሥ ወይም ስም ከስም እንዲጋጠም የሚል አንድ ሕግ ብዙ ይጠቅማል። ከላይ «ተራራ» ከ«ጠራ»፣ «ማዶ» ከ«ጠምዶ» ጋር የተጋጠሙት በዚሁ ሕግ ነው። ሕጉን ለማክበር ልጁ የዓረፍተ ነገሩን ተራ ይገለብጣል፤ ግሡን ወደ መሐል ያመጣል፤ ሳያውቀውም የግጥም አገባብን ይማራል። ለመንደርደሪያ እንካ ስላንቲያን በክፍል ማጫወት ይቻላል፤ ተረቡ ሰው ላይ ሳይሆን ዕቃ ላይ እንዲያርፍ ማድረግ ብቻ ነው የሚያሻው።

የመክፈቻ ቃልን መደጋገም ግን ለእኛም ይበጃል። በአማርኛ «ምነው» የሚለው ቃል ምኞትንም፣ ወቀሳንም፣ ጥያቄንም ይሸከማል። አምስት ስንኝ ሁሉ በ«ምነው» ይጀምር ቢባል ልጁ ምክር ለመስጠት ቦታ አያገኝም፤ የሚመኘውን ወይም የሚያማርረውን ለመናገር ይገደዳል። ይህ ቅርጽ ቀለምና ቤት ላስቸገሩት ልጅ ጥሩ መግቢያ ነው።

7. ኅብረ ቃልና የቋንቋ ልዩነት

በላይኞቹ የአንደኛ ደረጃ ክፍሎች ሰምና ወርቅን በትንሹ ማስጀመር ይቻላል። ጽሕፈታችን ጥብቀትን ስለማያሳይ «ገና» ላልቶ ሲነበብ ጊዜ፣ ጠብቆ ሲነበብ በዓል ይሆናል፤ «አለ» ላልቶ የተናገረ፣ ጠብቆ የሚገኝ ማለት ነው። ልጆች እንዲህ ያሉ ቃላትን ከየቤታቸው ለቅመው ቢመጡና በሁለቱም ንባብ ትርጉም የሚሰጥ አንድ ስንኝ ቢሞክሩ፣ ኅብረ ቃል የሊቃውንት ብቻ ምሥጢር አለመሆኑን ያያሉ።

እ.ኤ.አ. የ1994 የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት በብሔረሰቦች ቋንቋ እንዲሰጥ ካደረገ ወዲህ አማርኛን እንደ ሁለተኛ ቋንቋ የሚማሩ ልጆች ጉዳይም አብሮ ሊታሰብ ይገባል። የእነዚህ ልጆች ጆሮ የተቃኘው በሌላ ቋንቋ ዘፈን ነው። መምህሩ በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው የሚያውቁትን ዜማ አስጨብጭቦ ቢጀምርና ከዚያ ወደ ቡሄ በሉ ቢያልፍ፣ የሁለቱን ልዩነት ልጆቹ ራሳቸው ይናገራሉ።

8. ማጠቃለያ

ከዚህ በላይ የተባለው ሲጠቃለል፣ ትምህርቱ ከጭብጨባ ወደ ጽሕፈት፣ ከ4 ቀለም ሐረግ ወደ 6፣ ከተሰጠ ቤት ወደ ተመረጠ ቤት፣ ከእንቆቅልሽ ወደ ኅብረ ቃል ቢሄድ ይበጃል። ለእርማትም መምህሩ ምትን፣ ቤትንና ምስልን ለየብቻ ቢመዝን፣ አንዱ የጎደለበት ልጅ ሁሉም እንደ ጎደለበት አይቆጥርም። ሥራው ጮክ ተብሎ ሳይነበብም ማርክ ባይሰጠው ይመረጣል።

ይህን ሁሉ የተማረ ልጅ ገጣሚ ይሆናል ለማለት አይደለም። አብዛኞቹ አይሆኑም። ነገር ግን በገዛ እጁ አንድን ዝናብ በሦስት ቤት የሞከረ ልጅ አድጎ የሌላ ሰው ግጥም ሲያነብ ገጣሚው ስንኙን ለምን እዚያ ላይ እንደቆረጠው ይጠይቃል። በሥነ ጽሑፍ ክፍል የምንደክመውም ተማሪ ይህን ጥያቄ እንዲጠይቅ ነው፤ በልጅነቱ ከጀመረው ደግሞ ድካማችን ይቀላል።