ለአንድ ግድግዳ የተበጀ ዘንግ

ምሥራቅ ለንደን፣ ብሪክ ሌን ከፎርኒየር ጎዳና ጋር በሚገናኝበት ማዕዘን አንድ የቆየ የጡብ ሕንፃ አለ። እ.ኤ.አ. በ1743 ከፈረንሳይ የተሰደዱ ፕሮቴስታንቶች ቤተ ክርስቲያን አድርገው ሠሩት፤ በኋላ የሜቶዲስቶች ጸሎት ቤት፣ በ1898 ምኩራብ፣ በ1976 ደግሞ መስጊድ ሆነ። በፎርኒየር ጎዳና በኩል ከፍ ብሎ የተተከለው የፀሐይ ሰዓት ግን ሁሉንም አሳልፎ እዚያው አለ።

አላፊ አግዳሚው እንዲህ ባለ ሰዓት ላይ ዓይኑን የሚጥለው ቁጥሮቹ ላይ ነው። ሥራውን የሚሠራው ግን ከግድግዳው ተንጋዶ የወጣው፣ ባለሙያዎች ኖሞን የሚሉት ጥላ ጣይ ዘንግ ነው። ጠርዙ ከምድር ዛቢያ ጋር ትይዩ መሆን አለበት። ይህ ከተሟላ ጥላው በየትኛውም ወቅት በተመሳሳይ ሰዓት በአንድ መስመር ላይ ይወድቃል። በግዕዝ መጻሕፍት የሚገኙት የጥላ ሠንጠረዦች የሰውን ጥላ በእግር ስለሚለኩ ለየወሩ የተለያየ ቁጥር ያስፈልጋቸዋል፤ የጥላ ርዝመት ከወር ወር ይለወጣልና። ይህ ዘንግ የሚያስነብበው ርዝመትን ሳይሆን አቅጣጫን ስለሆነ አንድ ሰሌዳ ለዓመት ይበቃል።

ለንደን ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን 51.5 ዲግሪ ላይ ናት። ልክ ወደ ደቡብ በሚያይ ግድግዳ ላይ ዘንጉ ከግድግዳው ጋር የሚሠራው ማዕዘን ከ90 ይኸው ተቀንሶ የሚቀረው 38.5 ዲግሪ ነው። የእኩለ ቀኑ መስመር በቱንቢ ልክ ቀጥ ብሎ ይወርዳል፤ የጠዋቱ ሰዓቶች በተመልካቹ ግራ፣ የከሰዓት በኋላዎቹ በቀኙ ይሰለፋሉ። መስመሮቹ ግን እኩል አይራራቁም። ከእኩለ ቀን እስከ ቀጣዩ ሰዓት 9.5 ዲግሪ ብቻ ሲሆን፣ ከእኩለ ቀን በኋላ በአምስተኛውና በስድስተኛው ሰዓት መካከል ያለው ክፍተት ከ23 ዲግሪ ይበልጣል።

የለንደን መንገዶች ግን ፀሐይን ታሳቢ አድርገው አልተቀየሱም። ግድግዳው ከደቡብ ወደ ምሥራቅ 30 ዲግሪ ዞሮ ከተገኘ ዘንጉ ወደ ግድግዳው ይጠጋና ማዕዘኑ 32.6 ዲግሪ ይሆናል፤ የሚያርፍበት መስመርም ከእኩለ ቀኑ መስመር ወደ ግራ 21.7 ዲግሪ ያዘነብላል። ፈጽሞ ወደ ምሥራቅ ወይም ወደ ምዕራብ በዞረ ግድግዳ ላይ ደግሞ ዘንጉ ከግድግዳው ጋር ትይዩ ሆኖ በድጋፍ ይያዛል። የጎረቤትን ዘንግ ለክቶ መገልበጥ አይቻልም።

ይህን ባንድ ቦታ ለማየት ኮቨንት ጋርደን አጠገብ ያለው ሰቨን ዳያልስ ይመቻል። ሰባት መንገዶች በሚገናኙበት በዚህ ስፍራ ቶማስ ኒል በ1690ዎቹ ስድስት የፀሐይ ሰዓቶች ያሉት ዓምድ አስቆመ፤ የሠራው ኤድዋርድ ፒርስ ነበር። ዓምዱ በ1773 ተነሣ። በቀድሞው ንድፍ የተሠራውን ምትክ በ1989 የኔዘርላንድስ ንግሥት ቤያትሪክስ መረቁት። ስድስቱ ገጾች ወደ ስድስት አቅጣጫ ስለሚያዩ እያንዳንዱ የራሱ መስመሮችና የራሱ ዘንግ አለው፤ የስድስቱም ዘንጎች ጠርዝ ግን ያንኑ የምድር ዛቢያ ይከተላል።

ንድፍ አውጪው ብረት ከመቁረጡ በፊት ግድግዳውን ያጠናል። ኮምፓስ በሕንፃው ውስጥ ባለ ብረት ሊሳሳት ይችላል። ስለዚህ ሚስማር ቀጥ ብሎ የተተከለበት ጣውላ ግድግዳው ላይ ያስደግፍና፣ በታወቀ ደቂቃ የሚስማሩን ጥላ ምልክት አድርጎ የግድግዳውን አቅጣጫ ከፀሐይ ያሰላል። ቀጥሎ ውፍረት ይመጣል፦ ወፍራም ዘንግ ሁለት ጠርዝ ስላለው ጠዋት በአንዱ፣ ከሰዓት በሌላው ይነበባል፤ በደቡብ ግድግዳ ላይ የእኩለ ቀኑ መስመርም በዘንጉ ውፍረት ልክ ለሁለት ይከፈላል። ርዝመትም ገደብ አለው። ፀሐይ ነጥብ ሳትሆን ስፋት ያላት ክብ ስለሆነች፣ ከጠርዙ 1 ሜትር ርቆ የሚወድቅ ጥላ ዳሩ 9 ሚሊ ሜትር ያህል ይደበዝዛል።

በትክክል የተተከለ ዘንግም ከእጅ ሰዓት ጋር ሁልጊዜ አይስማማም። የምድር ምህዋር ሞላላ፣ ዛቢያዋም ያዘነበለ በመሆኑ በፌብሩዋሪ አጋማሽ 14 ደቂቃ ያህል ይዘገያል፤ በኖቬምበር መጀመሪያ 16 ደቂቃ ያህል ይቀድማል። ከማርች መጨረሻ እስከ ኦክቶበር መጨረሻ ደግሞ የእንግሊዝ ሰዓት በአንድ ሰዓት ወደፊት ስለሚገፋ እሱም መታሰብ አለበት።

ባለሙያው ይህንኑ ሰዓት አዲስ አበባ ላይ ሊተክል ቢነሣ ሒሳቡን እንደ አዲስ ይጀምራል። ከተማዋ 9 ዲግሪ ላይ ስለሆነች በደቡብ ግድግዳ ላይ ዘንጉ 81 ዲግሪ ወደ ውጭ ይወጣል። ከሚያዝያ መጀመሪያ እስከ ነሐሴ መገባደጃ የእኩለ ቀን ፀሐይ በሰሜን በኩል ስለምታልፍ፣ የደቡቡ ግድግዳ በዚያ ሰዓት ብርሃን አያገኝም። ዓመቱን ሙሉ እኩለ ቀንን ማንበብ የሚፈልግ ለሰሜኑ ግድግዳ ሌላ ዘንግ ያበጃል፤ በሁለቱም ሰሌዳዎች የእኩለ ቀን መስመር ላይ እንደ አገሩ ቆጠራ 6 ብሎ ይጽፋል።